የምክር ዓምድ፦ «አጎቴ የሚቆጥረው የገባውን ከብት ነው»

ደብዳቤው (በጥቂቱ አጥሮ)

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከሐረማያ በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ፣ አሁን አጎቴ ገንዘቡን አውጥቶ በከፈተው ክሊኒክ ብቸኛዋ ሐኪም ነኝ። አንድ ረዳት አለኝ። በገበያ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፍየል፣ በግ፣ አህያ፣ አንዳንዴም ግመል በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ለምርመራ አናስከፍልም፤ የምናገኘው ከመድኃኒቱ ነው። አጎቴ ማታ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ‹ዛሬ ስንት ገባ?› ብሎ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር መጥቶ የእናቱ ላም ከወለደች ሁለት ቀኗ እንደሆነ፣ እግሯ እንደሚንቀጠቀጥ፣ መኖ እንደተወች ነገረኝ። ብዙ የምትታለብ የፈረንጅ ላም ናት። ወረፋው በሩን አልፎ ነበር። ሳልሄድ ኦክሲ የምንለውን አንቲባዮቲክና ቫይታሚን ሰጥቼ ላክሁት። ሌሊቱን ሞተች። ምን እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ዕለትም ትንሽ ቆም ብዬ ባስብ አውቀው ነበር። ለባለቤቷ እስካሁን አልነገርኳትም። ወረፋውን ብቀንስ ክሊኒኩ አይቆምም፣ ከአጎቴም እጣላለሁ። ባልቀንስ ሐኪምነቴ ቀርቶ መርፌ ወጊ መሆኔ ነው። ሥራውን ልተወው?»

መልስ

እህቴ፣ የድሬ ልጅ አንቱታ አይመቻትምና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከላሟ ልጀምር፤ ደብዳቤውን ያጻፈሽ እሷ ናትና። ከወለደች በሁለተኛ ቀኗ እግሯ የሚንቀጠቀጥ፣ መኖ የተወች፣ ብዙ የምትታለብ ላም ስትገጥም ቀድሞ የሚታሰበው የካልሲየም እጥረት ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ጡቷ ለወተቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከደሟ ይስባል፤ አጥንቷና አንጀቷ ያንን ቶሎ መተካት ካቃታቸው ጡንቻዋ ይዝላል። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንገዳገዳለች፤ ቀጥሎ ትተኛና አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች፤ በመጨረሻ ልቧ ይደክማል። ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቷም ከመጨመር ይልቅ ይወርዳል። ይህን ሁሉ አንቺም ታውቂዋለሽ። ጆሮዋን በእጅ መዳሰስና ቴርሞሜትር ማስገባት ይበቃ ነበር፤ ግን እጅሽ ክሊኒኩ ውስጥ ነበር፣ ላሟ ደግሞ ሳቢያን።

ለባለቤቷ ንገሪያት። በስልክ አይሁን፣ ሰው በተሰበሰበበትም አይሁን፤ ቤቷ ሂጂ። «እናቴ፣ ያን ቀን ልጅሽ ሲመጣ አብሬው መምጣት ነበረብኝ። ላሟን የያዛት የካልሲየም እጥረት ነው፤ በጊዜ ብደርስላት የመዳን ዕድል ነበራት» በያት። ስለ ወረፋው አታንሺ፤ ስለ አጎትሽም አታንሺ፤ እሷ ፊት ሁለቱም ማመካኛ ይሆናሉ። «የፈጣሪ ሥራ ነው» የሚለውን ቃል እሷ ካለችው ትበለው፤ አንቺ ቀድመሽ አትበዪው። ብትቆጣ አዳምጫት። ካሳ ብትጠይቅ ደግሞ ከአጎትሽ ጋር ተነጋግረሽ በቁርጥ ቀን መልስ ስጫት እንጂ እዚያው አትከራከሪያት። ቤት ውስጥ ሌላ የምትወልድ ላም ወይም ጊደር ካለች፣ የምትወልድበትን ጊዜ ጠይቀሽ መዝግቢና በዚያ ሳምንት ሳትጠሪ ሂጂ። ይህችን ሴት በጣም የማስባት፣ በከተማችን አንዲት የፈረንጅ ላም ለአንድ ቤት ምን እንደሆነች ስለማውቅ ነው፤ ያቺ ላም የልጆች ትምህርት ቤት ወጪም የቤት ኪራይም ናት። በዚያ ላይ ድሬ ትልቅ መንደር ናት። ሴትዮዋ ከጎረቤት አንድ ነገር ሳትሰማ አትቀርም፤ ከሌላ ሰው ተዛብቶ ከምትሰማው ከአንቺ አጣርታ ብትሰማው ለእሷም ለአንቺም ይሻላል።

አሁን ወደ ወረፋው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው «ለምርመራ አናስከፍልም» ያልሽበት ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሊኒካችሁ የሚኖረው እንደ ኦክሲና ፔንስትሬፕ ባሉ አንቲባዮቲኮች፣ እንደ አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ባሉ የትል መድኃኒቶች ትርፍ ነው። አንዲት ፍየል በደንብ መርምረሽ «መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ ጥላ ሥር አሳርፏት፣ ውኃ ስጧት» ብለሽ ብትመልሻት ክሊኒኩ ምንም አላገኘም። ሳታያት ብትወጊያት ግን አገኘ። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ የቆየ ጎበዝ ሐኪምም ቢሆን እጁ ቀስ በቀስ ወደ መርፌው ይፈጥናል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰዓት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ነገ ወረፋውን በግማሽ ብትቀንሺው እንኳ፣ ገቢው ከመድኃኒት ብቻ እስከመጣ ድረስ የምርመራው ጊዜ ተመልሶ ይበላል።

ምርመራው ዋጋ ይኑረው። ሰው ራሱ ሲታመም ካርድ ሳያወጣ ሐኪም ዘንድ እንደማይገባ ያውቃል፤ ለከብቱም ካርድ ያውጣ። ከገጠሩ፣ ከቢዮ አዋሌ ወይም ከጀልዴሳ አንዲት ፍየል እየነዳ የመጣን ሰው የማያስመርር ትንሽ ገንዘብ ይሁን። ረዳትሽ በር ላይ ይቀበል፤ መድኃኒት ታዘዘም አልታዘዘም አይመለስ። በዚያው ልክ ከመድኃኒቱ ትርፍ ላይ ቀንሱ። ያኔ መድኃኒት የሚያስፈልገው ደንበኛ በድምሩ የሚከፍለው ከድሮው ብዙም አይርቅም፤ አንቺም «መድኃኒት አያስፈልግም» ለማለት አትፈሪም። መንጋ ይዞ ለመጣ አንድ ካርድ ለመንጋው ይበቃዋል፤ በፍየል ቁጥር ካስከፈላችሁ ግን የታመመችውን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ የቀረውን ይደብቃል።

«መርፌ ሳትወጊ ብር?» የሚል ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይጠፋም። ለእሱ መልሱን በእጅሽ ስጪው። ባለከብት ሐኪሙን የሚመዝነው እንስሳው ላይ ባሳለፈው እጅ ነው። ቴርሞሜትሩን ስታወጪ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ንገሪው። የዓይኗን ሽፋን ገልብጠሽ የደሟን መቅላትና መንጣት አሳዪው። ትንፋሿን ቁጠሪ። የላም ትልቁ ሆድ ጤነኛ ሲሆን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ የግራ ጎኗ ላይ የራሱን እጅ አስደግፊውና እንቅስቃሴውን ወይም ዝምታውን እሱ ራሱ ይስማው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ለምን እንደከፈለ ይገባዋል፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። በቅደም ተከተል ከለመድሽው ደግሞ ሙሉ ምርመራው የምትፈሪውን ያህል ጊዜ አይወስድም። ጊዜ የሚበላው ከመሐል ጀምሮ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ምርመራ ስል የመጀመሪያው ክፍሉ ወሬ መጠየቅ እንደሆነ አትዘንጊ። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን ደጁ ላይ አስሮ የማሽላ አገዳና የጫት ገራባ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው፤ ትናንት ምን እንደተረፈው፣ እበቱ እንዴት እንደሆነ፣ መቼ ማመንዠክ እንዳቆመ ያውቃል። ከቆላ የሚመጣው የኢሳ ወይም የጉርጉራ አርብቶ አደርም የእያንዳንዷን ፍየል እናት ይነግርሻል። ይህ ሁሉ የሚጠፋው በቋንቋ ነው። ረዳትሽ ኦሮምኛም ሶማልኛም የሚችል ከሆነ ካለሽ መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ካልቻለ፣ ሌላ ሰው ስትቀጥሩ ከምስክር ወረቀቱ በፊት ይህን ጠይቁ። በሦስት ቃል ተተርጉሞ የሚደርስሽ የበሽታ ታሪክ ምንም ያህል ብትተጊ ወደ ተሳሳተ መርፌ ይወስድሻል።

የድሬን ሙቀትም አስቢበት። እኩለ ቀን ላይ በአስፋልት ተነድታ የደረሰች ፍየል ቴርሞሜትሩ ላይ ትኩሳት ያለባት ትመስላለች፤ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ቆይታ ስትለካ ይወርዳል። በግመል ይብሳል። ውኃ የጠማው ግመል ላቡን ለመቆጠብ የሰውነቱን ሙቀት ይለዋውጣል፤ ንጋት ላይ እስከ 34 ዲግሪ ወርዶ ከሰዓት በኋላ 40 ሊደርስ ይችላል፣ ሳይታመም። ይህን ረስቶ ለ40 ዲግሪ ኦክሲ የሚወጋ ሐኪም ጤነኛ እንስሳ እያከመ ነው። አህያ ደግሞ በተቃራኒው ወደ 37 የሚጠጋ ሙቀት ነው ያላት፤ በላም ልክ 39 ሲል «ደህና ናት» ማለት በአህያ ላይ ትኩሳትን ማለፍ ነው። ሕመሟንም ትደብቃለች። ጆሮዋን ጥላ ዝም ያለች አህያ ከምትጮኸው ላም ይልቅ በጠና ታማ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ከባዱን ምርመራ ከ12 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጊው። ከ5 ሰዓት በኋላ የሚመጣ በጥላ ይረፍ፤ አጣዳፊ ካልሆነ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ግድም ይታይ። ከተማው ራሱ ቀትር ላይ በሩን ዘግቶ የሚያርፍ ነውና ሰው አይከፋውም።

በሩ ላይ ደግሞ ወረፋ በመምጣት ቅደም ተከተል ብቻ አይሁን። ረዳትሽ ካርድ ሲቆርጥ አጭር ጥያቄ ይጠይቅ፤ በቅርቡ ወልዳለች ወይ፣ ቆማ ትሄዳለች ወይ፣ በደንብ ትተነፍሳለች ወይ፣ ሆዷ ተነፍቷል ወይ፣ የነከሳት አውሬ አለ ወይ። ምጥ የያዛት፣ በግራ ጎኗ የተነፋች፣ ደም የሚፈስሳት፣ ከወለደች በኋላ የተንገዳገደች፣ መሬት ላይ የምትንከባለል አህያ፣ ምራቋ ዝም ብሎ የሚወርድ ላም፤ እነዚህ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ አንቺ ይምጡ። ቤት የቀረችም ብትሆን። የሳቢያኑ ልጅ ሲመጣ ይህ ጥያቄ በሩ ላይ ቢኖር ኖሮ «ከወለደች ሁለት ቀኗ ነው» የሚለው ቃል ብቻ ባጃጅ ያስጠራሽ ነበር። ያን ጊዜ የቀረው ሰው ይጠብቃል። ምክንያቱ ከተነገረው፣ የኛ ሰው ለተጨነቀ ሰው ተራውን ይለቃል።

መዥገር፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ ያረጀ ቁስል ማጠብ፣ ሰኮና ማስተካከል ረዳትሽ በአንቺ ትእዛዝ ሊሠራቸው የሚችሉ ናቸው። መጠኑን ግን በዓይን ግምት አይስጥ። ክብደቷን የሚገምትበት የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ይያዝ፤ ከሚገባት በታች የምትጠጣ ፍየል ትሉን ከማጥፋት ይልቅ መድኃኒት የሚለምድ ትል ታራባለች።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ፤ ሥራን ለሌላ ማካፈል ጥራትን ይጎዳል ብለሽ እንዳትፈሪ። የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። በእኛ አገር እስከ መጨረሻ ካስቸገረባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር፤ ሐኪሞች በመኪናና በበረዶ ሣጥን የማይደርሱበት በረሃ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ክትባቱን በእግራቸው ይዘው ገቡ። የራሳቸውን ከብት ስለሆነ የከተቡት በጥንቃቄ ከተቡት። ብዛቱም ጥራቱም አብረው የመጡት ሥራው ለሚችለው ሰው በትክክል ተሰጥቶ፣ ክትትሉ ሐኪሙ እጅ ስለቆየ ነው።

ሌላው ወረፋሽን የሚያረዝመው፣ አንድ መንጋ በአንድ አንድ ፍየል እየሆነ ወደ አንቺ መምጣቱ ነው። አንዲት ፍየል ዓይኗና አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ አፏ ቆስሎ፣ እያስቀመጣት ስትመጣ፣ ለእሷ ከምትሰጪው መድኃኒት ይልቅ «ቤት ስንት እንዲህ የሆኑ አሉ? ሰሞኑን ከገበያ የገዛኸው አለ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ ከሆነ ቫይረስ ነው፤ ኦክሲው ተከትሎ የሚመጣውን የሳንባ ቁስለት ያግዛል እንጂ በሽታውን አይነካውም። በማግስቱ ሌላዋ ትመጣለች፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ አምስት። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዴ የተከተበች ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ዓለም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ሊያጠፋው ያቀደው በሽታ ነውና ሲጠረጠር ለግብርና ቢሮው ማሳወቅም ግዴታ ነው። ከሰዓት በኋላ ወጥተሽ መንጋውን አንዴ ብታይ፣ የታመሙትን ለይተው እንዲያቆዩ ብትነግሪ፣ ቢሮው የቀበሌውን መንጋ እንዲከትብ ብታደርጊ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደጅሽ ላይ የሚቆመው ፍየል ራሱ ይቀንሳል። አጎትሽ ይህን ሲሰማ ደንበኛ የምታባርሪበት ይመስለዋል። ፍየሎቹ ካለቁ ግን ባለቤቱም የለም፣ ደንበኛም የለም።

ወረፋው ምንም ያህል ቢረዝም የማይቸኮልባቸው ነገሮች አሉ፤ እነዚህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ፣ የአንቺም ሕይወት ስላለበት።

ምራቋ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት ላም ስትመጣ ባለቤቱ «ፌስታል ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል» ይላል። በከተማችን ከብት ፌስታል ስለሚበላ እውነትም ሊሆን ይችላል። የቸኮለ ሐኪም እጅጌውን ሰብስቦ ባዶ እጁን አፏ ውስጥ ይከታል። የእብድ ውሻ በሽታም ግን በላም ላይ ልክ እንዲህ ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ መዋጥ ማቃት፣ ምራቅ፣ የኋላ እግር መድከም፣ ያልተለመደ ማግሳት። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በሰውም በእንስሳም ላይ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በሐረርና በድሬ ዙሪያ ውሻም ጅብም ከከብት ጋር የሚያድር አገር ነውና ቁጭ ብለሽ ጠይቂ፤ ባለፉት ሳምንታት የነከሳት ነገር አለ? በሰፈሩ ያበደ ውሻ ታይቷል? ያለ ወፍራም ጓንት አፍ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ከተጠራጠርሽ ደግሞ ጭራሹንም አይገባም። አንቺና ረዳትሽ የቅድመ መከላከያ ክትባቱን ካልወሰዳችሁ ከዚህ ሁሉ ምክር በፊት እሱን አድርጉ። ምራቁ የነካውን ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ፤ ይህን ለባለከብቱም ንገሪው፣ ልጆቹ ያቺን ላም ሲያጠጡ ነበሩና።

በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከብት አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ አይከፈትም፣ አይታረድም፣ ቆዳውም አይገፈፍም። ሰውየው ሥጋው እንዳይባክን ይለምንሻል። ቆመሽ አስረጂው፤ በጥልቅ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል እስኪስማማ ድረስ አትለይው። የእንግዴ ልጅ የቀረባትና ያስወረደች ላምም ያለ ረጅም ጓንት አትነካም፤ የውርጃ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ካልሲየምም ራሱ አይቸኮልበትም። በደም ሥር ሲሰጥ በዝግታ፣ ልቧን በማዳመጫ እየተከታተልሽ ነው፤ ፈጥኖ ከገባ ልቧን ያቆመዋል። ስለዚህ ለአንዲት እንዲህ ላለች ላም ስትወጪ ደጅሽ ላይ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚጠብቅ ቀድመሽ ተቀበይው፣ ለረዳትሽም ንገሪው። በዚያ ሰዓት ስልክሽን አታንሺ። ብዙ ጊዜ ግን፣ ይህ ሥራ ሐኪሙን ይክሰዋል፤ ተኝታ የነበረች ላም መርፌው ሳይወጣ ታገሣለች፣ ፋንድያ ትጥላለች፣ ትነሳለች። ይህን ያየ ሰፈር ሁሉ ደንበኛሽ ይሆናል።

እግረ መንገዴን ልበልሽ፤ ለምትታለብ ላም መድኃኒት ሰጥተሽ «ወተቱን ይህን ያህል ቀን አትሽጪ» ሳትዪ መላክ የሰውንም ጤና የሚጎዳ ነገር ነው። የማቆያ ቀኑ በጠርሙሱ ላይ አለ። በካርዱ ጀርባ ጻፊላት።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። «ስንት ገባ?» ብሎ ስለሚጠይቅ አትቀየሚው፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው የሚቆጥረው ነገር ይፈልጋል፤ እስካሁን የተሰጠው ቁጥር ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ቁጥር ስጪው። ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዢ፤ ቀን፣ የባለቤቱ ቀበሌ፣ ምን እንስሳ፣ ሙቀቷ፣ ምን እንደጠረጠርሽ፣ ምን እንደሰጠሽ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚያው በሽታ ተመልሳ የመጣችውን በቀይ አስምሪባት፤ የሞተች ከሰማሽም እንዲሁ። ከዚያ ማታ ሲመጣ «ይህን ያህል ገባ፤ ከነዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ሞተዋል» በዪው። ነጋዴ ነውና ተመልሶ የመጣ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል።

ስለ ካርዱ ስታነሺበት በገበያ ቀን ማታ አይሁን፤ ያኔ ሁለታችሁም ደክማችኋል፣ እሱም ብሩን እየቆጠረ ነው። ከተማው ጫቱን ይዞ ዘና በሚልበት ከሰዓት፣ ቤቱ ሄደሽ፣ የሚሰማው ሰው ባለበት አንሺበት። ሚስቱ የምትደመጥ ከሆነች አስቀድመሽ ለእሷ አማክሪያት። «ጥራት» በሚል ቃል አትጀምሪ። የሳቢያኗን ላም ነገር እንዳለ ንገሪው፤ ለባለቤቷ እንደነገርሻትም ጨምሪበት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፦ ለአንድ ወር በካርድ እንሥራና በወሩ መጨረሻ ደብተሩንና ሣጥኑን አብረን እንይ። ለአንድ ወር እሺ ማለት ለሰው ይቀላል።

አንድ ሌላ ገቢም አሳዪው። በድሬም፣ በሐረርም፣ በሐረማያ መንገድም ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት የወተት ላም ያላቸው ቤቶች አሉ። እነዚህ የሚፈልጉት ላሟ ስትወድቅ የሚሮጥላቸውን ብቻ አይደለም። በየወሩ መጥቶ እርግዝናዋን የሚያይ፣ ጡቷን የሚፈትሽ፣ መታለብ የምታቆምበትን ጊዜ የሚነግር፣ ከመውለዷ በፊት ያለውን መኖ የሚያስተካክል ሐኪም ይፈልጋሉ። በወር የተቆረጠ ክፍያ ከተስማማችሁ ከላሞቹ ጤንነት የሚገኝ ገቢ ነው፤ ላሟ ባልታመመች ቁጥር እናንተም ሥራችሁ ይቀላል። ጥቂት ቤቶች ይዛችሁ ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜሽ ለዚህ ይበቃል።

«ሥራውን ልተወው?» ላልሽው፣ አሁን አትተዪው። አጎትሽ ገና አልተጠየቀም። እስካሁን እሱ የጠየቀሽን መልሰሽለታል እንጂ አንቺ ምንም አልጠየቅሽውም። ሰዎቹ ደግሞ አንቺን ብለው ነው ከዚያ ሁሉ መንገድ የሚመጡት፤ ብትሄጂ ወረፋው ከመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሄዶ ይቆማል፣ ያኔ እንስሳውን የሚያይ ጭራሽ የለም።

ወሩ ካለቀ በኋላ ደብተሩን አይቶም «የድሮው ይሻለኛል» ካለ ግን ውጪ። ዕድሜሽን ሙሉ ሳታዪ መውጋት ልማድ ሆኖብሽ ከሚቀር፣ የሙያ ፈቃድሽን ይዘሽ በቦርሳና በባጃጅ ከእነዚያ የወተት ቤቶች ጋር መጀመር ትችያለሽ። ያን ጊዜ ደንበኞቹን ይዘሽበት አትሂጂ፤ ረዳቱንም አትውሰጂበት፤ በእሱ ምትክ ሰው እስኪያገኝ የሚበቃውን ጊዜ ስጪው። አጎትሽ ነውና ለሌላ ለማንም ከመንገርሽ በፊት መጀመሪያ ከአንቺ አፍ ይስማ።